የቡርጎኝ ቀይ ወይን ጠጅ አመዛዘን

ኮት ዶር በምሥራቅ ፈረንሳይ ከዲዦን ከተማ ጀምሮ ቦንን አልፎ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ተዳፋት ነው። የቡርጎኝ ምርጥ ቀይ ወይን ጠጆች የሚወጡት ከዚህ ሲሆን የሚጠመቁትም ፒኖ ኗር ከተባለ አንድ የወይን ዝርያ ነው። መሬቱ በአብዛኛው የቤተሰብ ነው። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የገዳማቱ ርስት ተወርሶ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ ደግሞ ልጆች ውርስን እኩል እንዲካፈሉ ስላስገደደ ማሳው በየትውልዱ እየተሸነሸነ መጣ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ በአንዱ መንደር ጥቂት መደዳ፣ በሌላው ደግሞ ግማሽ ሄክታር ይዞ ራሱ ሲገርዝ፣ ራሱ ሲለቅምና ራሱ ሲጠምቅ ይገኛል።

ደረጃው አራት ነው፦ የክልል፣ የመንደር፣ ፕሬሚዬ ክሩና ከሁሉም በላይ ግራን ክሩ። ደረጃ የሚሰጠው ለመሬቱ እንጂ ለጠማቂው ስላልሆነ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሲቶ ገዳም መነኮሳት ያለሙትና በግንብ ያጠሩት ክሎ ደ ቩዦ የተባለው ማሳ 50 ሄክታር ገደማ ሲሆን 80 የሚያህሉ ባለቤቶች ይካፈሉታል። የላይኛው ክፍል ኖራ ድንጋይ የበዛበትና ውሃ የሚያሳልፍ ነው፤ በአውራ ጎዳናው በኩል ያለው የታችኛው ክፍል ግን አፈሩ ከባድ ስለሆነ ዝናብ ሲበዛ ውሃ ይቋጥራል። ጠርሙሱ ላይ ሁሉም ግራን ክሩ ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከማሳው ስም በፊት የሚነበበው የአምራቹ ስም ነው። ከጎበዝ ቤተሰብ እጅ የወጣ የመንደር ወይን ጠጅ ከሰነፍ ሰው ግራን ክሩ ይበልጣል፤ ዋጋውም እጅግ ይቀንሳል።

ጥሩ ሥራ የሚጀምረው ከሐረጉ ነው። በክረምት በጥብቅ የተገረዘ ሐረግ ጥቂት ዘለላ ብቻ ይይዛል፤ ፍሬው ያነሰ ሐረግ ያለውን ኃይል ለጥቂቱ ያውላል። የለቀማው ቀን ሲቃረብ ገበሬው ፍሬውን ይቀምሳል፣ ዘሩንም ይነክሳል። ዘሩ ቡናማ ሆኖ በጥርስ መካከል ቀጭ ካለ ፍሬው ደርሷል፤ አረንጓዴ ከሆነ ምሬቱ ወደ ወይን ጠጁ ይሻገራል። አንዳንዱ ጠማቂ ዘለላውን ከነእንጨቱ ያብላላዋል። እንጨቱ ከደረሰ ወይን ጠጁ የቅመምና የአበባ መዓዛ ያገኛል፤ ካልደረሰ ደግሞ የጥሬ ቅጠል ጣዕም ይይዛል። ከዚያ በኋላ 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ከብርጭቆው ቀድሞ የሚወጣው የአዲስ እንጨት፣ የቫኒላና የጭስ ሽታ ከሆነ ፍሬው በበርሜሉ ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ይህም ለገበያ ሲባል የሚደረግ ጉድለት ነው።

ወይን ጠጁ በ15 ወይም በ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሆዱ ሰፋ ብሎ አፉ በጠበበ ብርጭቆ ይቀርባል። ብርጭቆው በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ሲል ቀለሙ ይታያል። የፒኖ ኗር ልጣጭ ስስ በመሆኑ ቀለሙ መሳሳቱ ነውር የለውም፤ በጥቁረት የሚለካው ሰው ብዙ ጥሩ ጠርሙስ ያመልጠዋል። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ማድላቱ የዕድሜ ምልክት ሲሆን በወጣት ወይን ጠጅ ላይ ከታየ ግን አየር እንዳበላሸው ያስጠረጥራል። ወጣቱ ቼሪና እንጆሪ፣ የበሰለው ደግሞ እርጥብ የጫካ ቅጠል፣ እንጉዳይና ቆዳ ይሸታል። የረጠበ ካርቶን ሽታ ቡሹ መበከሉን ያሳያል፤ ይህን የሚያድነው የለም። የኮምጣጤ ሽታም እንዲሁ ነው። የክብሪት ሽታ ግን ብዙ ጊዜ አየር ሲያገኝ ይጠፋል።

ፍርዱ በአፍ ነው። አፍን የሚያደርቀው የወይን ጠጁ ንጥረ ነገር፣ ታኒን፣ በድድና በምላስ ላይ ይሰማል፤ ሻካራው ጥሬ ሙዝ እንደሚይዘው አፍን ይይዛል፣ ጥሩው ግን ቅርጹን አሳይቶ ያልፋል። ጎምዛዛነቱ ምራቅ ማምጣት አለበት፤ ካነሰ ፍሬው ጣፋጭ ቢሆንም ወይን ጠጁ ይዝላል። አልኮሉ ጉሮሮን ካቃጠለ ሚዛኑ ተናግቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሙቀቱ በርትቶ ለቀማው ነሐሴ ውስጥ በጀመረ ጊዜ ብዙ ጠማቂ የተፈተነው በዚህ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ ግን ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ነው። ደካማው ወዲያው ይጠፋል፤ ጥሩው ጣዕሙን እየቀያየረ ይቆያል፣ መጀመሪያ ያልተሰማ ነገርም መጨረሻ ላይ ይሰማል።

ቀማሹ መንደሩንም መጠየቅ ይኖርበታል። ቮልኔና ፖማር ጎረቤታሞች ናቸው፤ የቮልኔው ግን ለስላሳና ሽቶው የበዛ ሲሆን የፖማሩ በታኒን የጠነከረ ነው። በሁለቱም ማሳ ያለው ቤተሰብ ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ሲያቀርብ ልዩነቱ ካልተሰማ፣ ጠማቂው የራሱን ስልት ከመሬቱ አስበልጧል።

ጠርሙሱ እንደተከፈተ ፍርድ መስጠት አይገባም። ወጣት ወይን ጠጅ መጀመሪያ ተዘግቶ ሊቀርብና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊከፈት ይችላል። ግማሹ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ አድሮ በማግሥቱ ሲቀመስ ፍሬው ካለና መዓዛው ከጠራ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ፍሬው ጠፍቶ አልኮሉ ብቻ ከቀረ ደግሞ የተቀሩት ጠርሙሶች ቶሎ ቢጠጡ ይሻላል።