የመርከብ ጭስ ታጠበ፤ እጣቢውስ?

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ መርከቦች የሚያቃጥሉት ነዳጅ ከ0.5 በመቶ በላይ ሰልፈር (ድኝ) እንዳይኖረው ተደንግጓል። የቀድሞው ጣሪያ 3.5 በመቶ ነበር። ደንቡን ያወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ በአጭሩ አይኤምኦ፣ ከመርከቦች የሚወጣው የሰልፈር ኦክሳይድ በ77 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቶ ነበር። ይህ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ የአሲድ ዝናብም ያመጣል። ስለዚህ ደንቡ መልካም ነው።

ታዲያ ቅሬታው ምኑ ላይ ነው? ደንቡ በተወው የጎን በር ላይ። ማርፖል የተባለው ስምምነት ተመጣጣኝ ውጤት የሚያስገኝ መሣሪያ የገጠመ መርከብ ርካሹን ከባድ ጥቁር ናፍጣ ማቃጠሉን እንዲቀጥል ይፈቅዳል። መሣሪያው ስክራበር ይባላል፤ የጭስ ማጠቢያ በሉት። በብዛት የተገጠመው "ክፍት" የሚባለው ዓይነት ነው፦ የባሕር ውሃ ይስባል፣ ጭሱ ላይ ይረጫል፣ ከዚያ እጣቢውን መልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋል።

እስቲ እናስላው። የአይኤምኦ መመሪያ ራሱ ለክፍት ስክራበር የሚጠቀምበት መለኪያ በአንድ ሜጋዋት-ሰዓት 45 ቶን ውሃ ነው። 10 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሞተር እንግዲህ በየሰዓቱ 450 ቶን እጣቢ ያፈሳል ማለት ነው። እጣቢው አሲዳማ ነው፤ ቫናዲየምና ኒኬልን የመሰሉ ብረቶችም አሉበት። ከቃጠሎ የሚመጡ፣ ፒኤኤች የሚባሉ ውህዶችም አብረው ይወርዳሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ ናቸው።

"ባሕር ሰፊ ነው፣ ያቀጥነዋል" ትሉ ይሆናል። መመሪያውም የሚያስበው እንዲሁ ነው፤ ከመፈተኛዎቹ አንዱ፣ መርከቡ ቆሞ ሳለ ከመውጫው 4 ሜትር ርቀት ላይ የውሃው ፒኤች ከ6.5 እንዳይወርድ ይጠይቃል። መቅጠንና መጥፋት ግን ለየቅል ናቸው። አንድ ማንኪያ በርበሬ በርሜል ውሃ ውስጥ ብትበትኑ አያቃጥልም፤ በርበሬው ግን እዚያው አለ። የባሕር ውሃ አሲዱን ያረግበዋል፤ ብረቱን ግን አያጠፋውም። በዚያ ላይ መርከቦች በባሕሩ ላይ እኩል አይበተኑም። ወደ ጅቡቲ ከሚመጣው የኛ ጭነት ከፊሉን የሚያሳልፈውን ባብ ኤል መንደብን በመሰሉ ጠባብ መስመሮች ይመላለሳሉ።

አንዳንዶች ነቅተዋል። ሲንጋፖር ከ2020 ጀምሮ በወደቧ፣ ዴንማርክ ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በግዛት ባሕሯ የክፍት ስክራበር እጣቢ እንዳይደፋ ከልክለዋል። ችግሩ፣ ክልከላው አገር በአገር መሆኑ ነው፤ መርከቡ ድንበሩን እንዳለፈ ማጠቢያውን መልሶ ይከፍተዋል። ንጹሕ ነዳጅ በውድ የገዛው መርከብ ደግሞ ለታዛዥነቱ ተጨማሪ ይከፍላል።

ደንቡ የቆጠረው ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ብቻ ነው። ከመርከቡ ሆድ የሚወርደውም በዚያው ሚዛን እስካልተመዘነ ድረስ፣ ከአየር ላይ ቀነሰ የተባለው ብክለት ምን ያህሉ ባሕር እንደገባ ሳትጠይቁ "ተሳካ" የሚለውን ዜና አትቀበሉ።