ከመውሰዱ መመለሱ

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው፣ አዛውንቶችን በነጻ ሐኪም ቤት ከምናመላልሰው ብዙዎቻችን የቀድሞ ባለታክሲዎች ነን። መንገዱ አላስቸገረንም። ታክሲ ያላስተማረን መመለሱን ነው። ታክሲ ላይ ተሳፋሪው ከወረደ ሒሳብ ተዘጋ፤ እዚህ ግን ዋናው ሥራ የሚጀመረው በሽተኛው ታክሞ ሲወጣ ነው።

መውሰዱ በሰዓት ይመራል፤ ጣጣ ቢኖረው የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። እማማ "ሦስት ሰዓት ነው ልጄ" ካሉኝ፣ በአገራችን ቆጥረው ነው ወይስ ልጃቸው በፈረንጅ የነገራቸውን ነው? አልከራከርም፤ የቀጠሮውን ወረቀት ፎቶ አስነሥተው እንዲልኩልኝ እለምናለሁ።

መመለሱ ግን ሰዓት የለውም። የኩላሊት እጥበትን እንውሰድ። አብዛኛው ታካሚ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ማሽኑ ላይ ይቆያል። ሲሄዱ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያጫውቱኝ የነበሩት ጋሼ ሲወጡ ሌላ ሰው ናቸው፤ ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ አንዳንዴም መርፌው የገባበት ቦታ ደሙ ቶሎ አይቆምም። "በል እንሂድ" ቢሉኝም ትንሽ አስቀምጣቸዋለሁ። ስደግፋቸው ለእጥበት የተዘጋጀው የደም ሥር ያለበትን ክንድ አልይዝም፤ ሌላውን ነው የምይዘው። የእጥበቱ ቱቦ በቀኝ ደረታቸው የገባላቸውን ደግሞ ከኋላዬ አስቀምጣለሁ፤ እዚያ ቀበቶው በግራ ትከሻ ስለሚወርድ ቱቦውን አይጫነውም። መንገድ ላይ ደም ከፈሰሰ መኪናውን አቁሞ፣ ቦታውን በጎዝ አጥብቆ ይዞ 911 መደወል ነው እንጂ ቤት ለመድረስ መክነፍ አይደለም።

ለአንጀት ምርመራ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው "ታክሲ ጠርቼ ልሂድ" ቢል ብዙ ክሊኒኮች አይለቁትም፤ ኃላፊነት የሚወስድ ትልቅ ሰው መጥቶ እንዲረከበው ይፈልጋሉ። ልጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸው አዛውንቶች ምርመራውን የሚተዉት በዚህ የተነሣ ነው። ለመሄዱማ አውቶቡስም ያደርሳል፤ የጠፋው ተረካቢ ነው።

"ግባና አስተርጉምልኝ" ሲሉኝ እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን በሚያገኙት ሰው ፊት ስለ ሽንታቸው፣ በዐይነ ምድራቸው ስላዩት ደም በግልጽ አይናገሩም፤ ሸፋፍነው ያልፉታል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሪሴፕሽኑ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ አስጠይቄ ውጭ እጠብቃለሁ። ስንመለስም "ምን አሉዎት?" አልልም። ራሳቸው ካነሡት እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም።

ሊያግዙን የሚመጡ ወጣቶችን ስለ መኪናቸው ብዙ አልጠይቅም። የምጠይቃቸው ከቀጠሮው በኋላ ስላለው ጊዜያቸው ነው። ከሰዓት ፈረቃ ያለበት ልጅ መውሰዱን ይያዝ፤ መመለሱን ጊዜ ላለው እንሰጣለን። ሐኪሙ ሲያዘገይ፣ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ሲበዛ ባለፈረቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ማየቱ አይቀርማ። አዛውንቶቻችን ደግሞ ይህን ቶሎ ያነቡታል፤ ይሉኝታ ይዟቸው "ደኅና ነኝ፣ አንተ ሂድ" ብለው፣ ራሳቸውን እያዞራቸው ደረጃውን ለብቻቸው ይወጣሉ።