ከወረንጦው በፊት ብናኙ

የጤፍ አበባ ለዓይን አበባ አይመስልም። ገለባ የመሰሉ ሁለት ሽፋኖች አሉት፤ በመካከላቸው ሦስት የብናኝ ከረጢቶች፣ ላባ የሚመስሉ ሁለት ብናኝ ተቀባዮችና ኋላ ፍሬ የምትሆነው ዕንቁልጢ ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ በደንብ ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። የጤፍ አዳቃይ የሥራ ቦታ ይህችው ናት።

ሙያውን የሚጀምር ሰው አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ እጁ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ይሆን? ወረንጦው ዕንቁልጢዋን ይጎዳብኝ ይሆን? ይላል። እጅ በልምምድ ይገራል። እኔ በዚህ ሥራ ቆይቼ የማምንበት ግን የአዳቃይ ዋና ዕውቀት የብናኝን ዕድሜ ማወቅ መሆኑን ነው። ብናኙ ዛሬ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ነገም በስንት ሰዓት እንደሚፈስ የማያውቅ ሰው እጁ የቱንም ያህል ቢረጋ አይሳካለትም።

ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል እህል ነው። ብናኙ የሚያርፈው እዚያው በተፈጠረበት አበባ ላይ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል አልተቻለም ነበር። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ውሎውን የሚያሰላው በዚያች አጭር ሰዓት ነው።

አበባው ማለዳ ይከፈት እንጂ የብናኙ ታሪክ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ዛላው ገና በቅጠሉ ሽፋን ተጠቅልሎ ሳለ በየከረጢቱ ውስጥ የብናኝ እናት ሕዋሳት ይዘጋጃሉ። ጤፍ 40 ክሮሞዞሞች አሉት። እያንዳንዷ እናት ሕዋስ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ትከፈልና አራት ትሆናለች፤ አራቱም 20፣ 20 ክሮሞዞም ይይዛሉ። ለጥቂት ጊዜ ካሎስ በሚባል ግድግዳ ታቅፈው አብረው ይቆያሉ። የከረጢቱን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነው ታፒተም የተባለው የሕዋሳት ንብርብር ካሎሱን የሚያሟሟ ኢንዛይም አመንጭቶ ይለያያቸዋል። ታፒተም አራስ እንደምታስታምም እናት ነው፤ ይመግባቸዋል፣ የብናኙ ጠንካራ ውጫዊ ልባስ የሚሠራበትን ነገር ያቀርባል፣ ሥራውን ሲጨርስም ራሱ ይፈርሳል።

የተለያዩት ሕዋሳት ውሃ ሞልቷቸው ያብጣሉ፤ አስኳላቸውም ወደ ጠርዝ ይገፋል። እዚያው ጠርዝ ላይ እኩል ያልሆነ ክፍፍል ይካሄዳል። ትልቁ ሕዋስ ወደ ዕንቁልጢዋ የሚወርደውን ቱቦ ያበቅላል። ትንሹ ደግሞ ዳግመኛ ተከፍሎ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይሆናል። በብዙ ዕፅዋት ይህ ሁለተኛ ክፍፍል የሚፈጸመው ብናኙ ተቀባዩ ላይ ካረፈ በኋላ፣ በቱቦው ውስጥ ነው። ከሣር ወገን በሆኑት በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ግን ብናኙ ከከረጢቱ ሳይወጣ ይጠናቀቃል። የእነዚህ እህሎች ብናኝ ሁሉን ጨርሶ ስለሚወጣ ቶሎ ይበቅላል፤ ቶሎም ይሞታል። ዕድሜው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ይደር ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም።

ይህን ታሪክ ለማየት አንድ የጤፍ ዛላ ይበቃል። ዛላው ማበብ የሚጀምረው ከጫፉ ነው፤ ወደ ታች እየወረደ ያብባል። ገና ከቅጠሉ ሽፋን ካልወጣው ክፍል አንድ አረንጓዴ ከረጢት ወስጄ በአሴቶካርሚን ቀለም ስጨፈልቀው አራት አራት ሆነው የተቃቀፉ ሕዋሳት የማገኝበት ጊዜ አለ። ከፍ ስል አስኳላቸው ጠርዝ ላይ የተለጠፈ፣ ውስጣቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ሕዋሳት አያለሁ። ጫፉ አካባቢ ነገ የሚከፈት አበባ ከረጢት ላይ የአዮዲን ጠብታ ሳደርግ ብናኙ ወደ ጥቁር ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ስታርች ሞልቶታል ማለት ነው። ፈዝዞ የቀረው ባዶ ነው።

የማታው ሥራ የሚመሠረተው በዚህ ንባብ ላይ ነው። በእናቲቱ ዛላ ላይ ነገ የሚከፈቱትን ጥቂት አበቦች አስቀርቼ ሌላውን እቆርጣለሁ፤ ከዚያ ሽፋናቸውን ገለጥ አድርጌ ሦስቱን ከረጢቶች ሳይፈነዱ አወጣለሁ። ከረጢቱ ገና ለጋ ከሆነ አበባዋ ራሷ ስላልጠናች ትቆስላለች፤ ከዘገየሁ ደግሞ ይፈነዳና በራሷ ብናኝ ትፀንሳለች። ማለዳ የአባትየውን ትኩስ ከረጢቶች አምጥቼ ላባዎቹ ላይ አራግፋለሁ።

ዛላው በቅጠሉ ውስጥ ያለበትን ጊዜ ከሁሉ በላይ የምጠብቀውም ብናኙ የሚዘጋጀው ያኔ ስለሆነ ነው። በስንዴና በሩዝ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እናት ሕዋሳቱ በሚከፈሉበት ወቅት ድርቅ ወይም ብርድ ከመታቸው ታፒተም ሥራውን ያዛባል፣ ብናኙም መካን ይሆናል። ተክሉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ፍሬ ሲታጣ ነውና፣ ብዙ ሰው ጥፋቱን ባበበበት ቀን ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ከዚያ ቀድሞ ደርሷል። ስለዚህ ዛላው ሳይታይ ተክሉ የበቀለበት ማሰሮ ውሃ እንዳያጣ አጥብቄ እከታተላለሁ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የክፍፍሉ ሌላ ፍሬ ነው። አራቱ ሕዋሳት ከመፈጠራቸው በፊት ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ ይደባለቃሉም። ስለዚህ በአንድ ዲቃላ ዛላ ላይ አንዱ ብናኝ ከሌላው ይለያል። ቁንጮ የተባለው ጤፍ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በምርቱ የሚታወቀውን ዱከምን በንጣቱ ከሚመረጠው ማኛ ጋር አዳቅሎ፣ ከተገኙት ብዙ የዘር መስመሮች ቁጥር 355 የሆነውን መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ ተለቀቀ። ወላጆቹ እነዚያው ሁለቱ ሆነው ሳለ፣ ምርቱንና ንጣቱን ባንድ ላይ የያዘው መስመር የተገኘው ከዚያ መደባለቅ ነው።

ስለዚህ ለሚማሩኝ ወጣቶች ወረንጦ ከማስያዜ በፊት ከረጢት እያስጨፈለቅሁ ብናኝ አስነብባቸዋለሁ። አራቱን ሕዋሳት፣ ጠርዝ የያዘውን አስኳል፣ በስታርች የሞላውን ብናኝ ያለ ረዳት መለየት ሲችሉ ወረንጦውን እሰጣቸዋለሁ። ያኔ መቼ መቁረጥ እንዳለባቸው እኔን አይጠይቁኝም፤ ዛላውን አይተው ይወስናሉ።