የክፍል ሥነ ሥርዓትና የመምህሩ ንቃት፤ የኩኒን መጽሐፍ ከአንኮበር አንጻር ሲመረመር

በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አለንጋውን ከመምህሩ እጅ ያስወጣው ሕግ ነው፤ በምትኩ የሚይዘውን ጥበብ ማስጨበጥ ግን የመምህራን ማሠልጠኛዎች ኃላፊነት ነው። ይህ ኃላፊነት በሚገባ ተፈጽሟል ለማለት አያስደፍርም። ስለሆነም ጄኮብ ኩኒን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙትን፣ በክፍል ውስጥ ስላለው ሥነ ሥርዓትና የቡድን አመራር የሚያትተውን መጽሐፍ መመርመር ዛሬም ተገቢ ይሆናል።

ኩኒን የተነሡበት ጥያቄ፣ አንድ ተማሪ ሲገሠጽ ግሣጼው በሌሎቹ ላይ ምን ያስከትላል የሚል ነበር። የአሜሪካን የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች በምስል እየቀረጹ ሲያጠኑ ያገኙት ውጤት ግን ሌላ ሆነ። ሥርዓት የሰፈነበት ክፍል መምህርና ሁከት የበዛበት ክፍል መምህር ከጥፋት በኋላ በሚወስዱት እርምጃ ብዙም አይለያዩም። የሚለያዩት አስቀድሞ በሚያደርጉት ነው፤ ይኸውም በንቃታቸው፣ ሁለት ጉዳዮችን ባንድ ጊዜ በመከታተላቸውና ትምህርቱን ሳያቋርጡ በማስኬዳቸው ነው። የንቃት መለኪያውም ግልጽ ነው፦ መምህሩ የገሠጸው ጥፋቱን የጀመረውን ነው ወይስ ተከታዩን? የገሠጸውስ ሁከቱ ሳይዛመት ነው ወይስ ከተዛመተ በኋላ?

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ምኒልክ ወደ እንጦጦ እስኪዛወሩ ድረስ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በአንኮበር፣ እንደ ሌሎቹ የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከላት ሁሉ፣ አንዱ ልጅ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የተሳሳተውን ለይተው ያርማሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። እዚያ ድምፅ የሥራ ምልክት እንጂ ሁከት አይደለም። አለንጋውን ትተን ይህን ንቃት መውረስ በተገባን ነበር፤ በብዙ ክፍሎች የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። አለንጋው በስውር ሲቀር ንቃቱ ጠፍቷል።

ሆኖም መጽሐፉ ሁለት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ የትምህርቱ መቆራረጥ የመምህሩ ጉድለት ተደርጎ ይታያል። በእኛ አገር ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ መለኪያ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል፤ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጆች ሲዳረስና ዳገት ወጥቶ የመጣ ልጅ ዘግይቶ ሲገባ ትምህርቱ በመምህሩ ስንፍና ተቋረጠ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት፣ መለኪያው ልጁ በተሰጠው ሥራ መጠመዱን እንጂ የሥራውን ዋጋ አለመጠየቁ ነው። ከሰሌዳ ላይ ያልገባውን ሲገለብጥ የዋለ ጸጥተኛ ክፍል በኩኒን ሚዛን ከፍተኛ ውጤት ያገኛል። ጸጥታ ግን ዕውቀት አይደለም።

እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩም መጽሐፉ ራስን መመርመርን ተጨባጭ ያደርገዋል። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር መምህሩ ማኅደረ ተግባር እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ቅጹ ለተቆጣጣሪ ሲባል ከተሞላ ከወረቀትነት አያልፍም። ከዚህ ይልቅ መምህሩ በቀኑ መጨረሻ ሦስት ነገሮችን ቢጽፍ ይበጃል፦ ዛሬ ማንን ገሠጽኩ? ጥፋቱን የጀመረው እርሱ ነበርን? በዚያች ሰዓት የሰጠሁት ሥራ ምን ነበር? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ኩኒን የዘነጉትን ያሟላል፤ ሁከቱ ዘወትር በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የሚነሣ ከሆነ መታረም ያለበት ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ነውና።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብም ይህ ነው፦ ማስታወሻው የመምህሩ እንጂ የምዘና ሰነድ አይሁን። ስሕተቱን ሲጽፍ ነጥብ የሚቀነስበት መምህር እውነቱን አይጽፍም፤ እውነቱ ካልተጻፈም በመምህሩ የንቃት ጉድለት የሚቀጣው ልጁ ይሆናል።