«ክረምስ» እና ዳሎል፦ ፊልሙ የዘለለው ማዕድን ማውጫ

ፎገራ ሜዳ ላይ ገደል ያለበት ትዕይንት ልቅረጽ የሚል ሰው ይቸገራል። ያለው ርብና ጉማራ ለዘመናት ያመጡት ደለል ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር። ድንጋይ የሚገኘው ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ስትጀምሩ ነው። እዚያ የተቆረጠ ገደል ካያችሁ «ይሄን የቆረጠው ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባዛልት ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ሰው የጠረበው የሚመስል ባለ ብዙ ጎን ምሰሶ ስለሚሠራ ይሸውዳል። የድንጋይ ካባ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን የወረዱ ግማሽ ቀዳዳዎች (ድማሚት የተቀበረባቸው ናቸው)፣ ደረጃ ደረጃ የሆነ አቆራረጥ፣ ለገልባጭ መኪና የተጠረገ መውጫ።

በዚህ ዓይን ነው «ክረምስ»ን እንደገና ያየሁት። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ዓለም ካለቀች በኋላ የተረፉ ጥንዶች ሆነው ይተውናሉ፤ ሰማዩ ላይ የቆመ የጠፈር መርከብ አለ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይከበራል። ቀልዱ ያስቃል። ምስሉ ግን ከቀልዱም ይበልጣል፤ በተለይ ቢጫና አረንጓዴው የዳሎል ምድር።

ሰው ይሄን ቀለም ሲያይ «ፋብሪካ የደፋው መርዝ ነው» ይላል። አይደለም። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ትኩስ፣ ጨዋማና አሲዳማ ውሃ ድኝና ብረት ይዞ ይመጣል፤ ብረቱ ኦክስጅን እያገኘ ሲሄድ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ዝገት ቀለም ይለወጣል። እዚያ የሰው እጅ ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጣሊያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፖታሽ ለማውጣት ከምርሳ ፋጡማ ወደብ ባቡር ዘርግተው ነበር። በ1960ዎቹም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እዚያው ፖታሽ ሲፈልግ ቆይቷል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ ሰዎች ውለው አድረው ሠርተዋል ማለት ነው።

ቅሬታዬም ይሄው ነው። ፊልሙ ዳሎልን የሌላ ፕላኔት ያህል ባዶ አድርጎ ይጠቀምበታል። ለታሪኩ ይመቸዋል፣ አልክድም። ግን ስለ ፍርስራሽ የሚያወራ ፊልም እውነተኛውን ፍርስራሽ እንደ ጌጥ ብቻ ሲያልፈው ያስቆጫል። ፖታሽ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሰብል ከሚፈልጋቸው ሦስት ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ የፎገራ ሩዝም ከዚህ ውጪ አይደለም። (ሩዝ አብዛኛውን ፖታሲየም የሚያስቀምጠው ገለባው ውስጥ ነው። ገለባው ለከብት ሲሄድ እሱም አብሮ ከማሳው ይወጣል።)

ፊልሙን እዩት፣ ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው የጀርባውን መሬት ብቻ ተከታተሉ፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ትክክለኛ ማዕዘን፣ የዛገ ብረት ፈልጉ። ዳሎል ላይ ቆመው የቀሩት የሠራተኞች ቤቶች ግድግዳቸው የጨው ጡብ ነው። ፎገራ ላይ ቢሆን አንድ ክረምት አይሻገሩም ነበር።