ከጭቃው ውስጥ የተቋጠረ ስንኝ

ነሐሴ ላይ በፎገራ ሜዳ ከወረታ ወደ ይፋግ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የርብ ወንዝን ድልድይ የተሻገረ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጎበጡ ጀርባዎችን ያያል። ሩዝ የሚያርሙ ናቸው። እግራቸው ውኃ ውስጥ፣ ዓይናቸው ቡቃያው ሥር ነው። የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ድምፃቸው ይመጣል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እኔን ከመኪና የሚያስወርደኝ ከዜማው ይልቅ አሠራሩ ነው።

ልብ ብሎ ለሚያይ፣ አውጪው የመጀመሪያዋን ሐረግ ሲል እጁ አረሙን ይጨብጣል፣ ሁለተኛዋን ሲል ይነቅላል። ስድስት ቀለም፣ ጥቂት ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ትምህርት ቤት «የወል ቤት» ተብሎ የሚነገረን ልክ ይኸው ነው፤ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ መሐሉ ላይ ተቆርጦ። እኛ በጣት እየቆጠርን ተማርነው፤ እነርሱ ግን በወገባቸው ያውቁታል። ወረቀት ላይ የሚጽፍ ገጣሚ አንዲት ቀለም ቢያስረዝም የሚቀጣው የለም። እዚህ ግን ልኩ ሲሳት የሃያ ሰው እጅ ይደናቀፋል፤ ስለዚህ አይሳትም።

የግጥም ቃላታችን ሁሉ ከእጅ ሥራና ከሜዳ የተለቀሙ መሆናቸውን ያስተዋልኩት እዚያው ማሳው ዳር ቆሜ ነው። «ግጥም» ራሱ ገጠመ ከሚለው ነው፤ አናጢ ሳንቃን ከሳንቃ እንደሚገጥመው። ሐረግ ተክል ነው፤ አንጓ የሸምበቆ መገጣጠሚያ ነው። ስንኝ ይቋጠራል፤ ቤት ይመታል። ሊቃውንቱ ያከበሩት «ሰምና ወርቅ» እንኳ የአንጥረኛ ስም ነው፦ ሠሪው ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰዋል፣ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁን ያስገባል። ስምንት ቀለም ያለው ልክ ደግሞ «ቡሄ በሉ ቤት» ይባላል። ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር በዓል ጅራፍ እያጮኹ ሙልሙል የሚለምኑ እረኞች ያወረሱን ስም ነው። ምሁራኑ ለልኩ ስም ሲያጡለት ወደ እረኛው መሄዳቸውን በጣም እወድላቸዋለሁ።

የዚህ አገር ገጣሚ አፉን ከመክፈቱ በፊት እንኳ ቅኔ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ወረታ የከተማዋ ስም ነው፤ ወረታ ደግሞ የውለታ ዋጋ፣ የድካም ምላሽ ነው። ማሳው ላይ የሚውለውም ሰው ብዙ ጊዜ በወንፈል ነው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት አገር፣ ለገበያው «ወረታ» ወደሚባል ከተማ ይሄዳል። የሌላ ሰው ግጥም ሳልነካ፣ ለማሳያ ያህል ራሴ አንድ ቋጥሬ ነበር፦

ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ጀምበር እስክትጠልቅ፣
ስንቱን ማሳ አልፌ ወረታ ሆነ ሩቅ።

ሰሙ የእግረኛው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ ሲሄድ ከተማዋ አልደረስ ብላዋለች። ወርቁ የአራሚው ነው፤ የስንቱን ማሳ ጨርሶ ሲያልፍ የድካሙ ዋጋ ራቀበት። ኅብረ ቃሉ «ወረታ» አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ ሁለቱንም ይሸከማል። «አልፌ» የምትለዋ ደግሞ ለእግርም ለእጅም ታገለግላለች። ቤቱ ግን ደካማ ነው። «ጠልቅ» እና «ሩቅ» የሚገናኙት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። ጥሩ አውጪ በዚህ አይረካም።

መንገዱ የሚያደርስባት ይፋግ ድሮ ስሟ ከዛሬው የገነነ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገበያዩባት፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚቆጠርባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት ቦታ ነበረች። ያ ገበያ ያለ ሸማኔና ያለ ቀጥቃጭ አይቆምም። ሆኖም የእጅ ሠራተኛ በሙያው የሚሰደብበት ዘመን ነበር፤ ስድቡ ከመብዛቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድቡትን የሚገሥጽ አዋጅ አስነገሩ። የሰምና ወርቅን ስም ከአንጥረኛው ወስዶ አንጥረኛውን መናቅ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

የእጅ ሠራተኛው በገጣሚነቱ ስሙ የተረፈበት አገርም አለ። በሰሜን አየርላንድ በኩል፣ አልስተር በተባለው ምድር፣ አልስተር ስኮትስ በሚሉት የመንደር አፋቸው የገጠሙ የእጅ ሸማኔዎች ነበሩ። ከእነርሱ የሚጠቀሰው የባሊካሪው ጄምስ ኦር (ከ1770 እስከ 1816 እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1798 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ በተነሣው አመፅ ተሳትፎ ወደ አሜሪካ ሸሸ፣ ተመልሶም ከሽመናው ጋር ግጥሙን ቀጠለ። የእነዚህ ሰዎች መጽሐፍ የሚታተመው ጎረቤቶቻቸው አስቀድመው ለቅጂው ገንዘብ እየከፈሉ ነበር። ኋላም ገጣሚው ጆን ሂዊት ታሪካቸውን ሰብስቦ በ1974 እ.ኤ.አ. «ቤት የሚመቱ ሸማኔዎች» ልንለው በምንችል ስም አሳተመ። የእኛና የእነርሱ ልዩነት የጥበብ አይደለም። የእነርሱ ጎረቤት ለማተሚያው ከፈለ፤ የእኛው ጎረቤት ግጥሙን ተቀበለ፣ አዜመ፣ ለልጁ አስተላለፈ። ስንኙ ተረፈ፣ የገጣሚው ስም ቀረ።

ስንኙም ቢሆን እንዳይጠፋ ጥቂቱን የታደጉ አሉ። ፈቃደ አዘዘ በድርቅና በረሃብ ዘመን ገበሬው የቋጠረውን ቃል ግጥም ከሰሜን ሸዋ ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ጌቴ ገላዬም የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬ ግጥም አጥንተዋል። የፎገራው ሜዳም እንዲህ ያለ እጅ ይገባዋል፤ በተለይ የሴቶቹ ግጥም። የድንጋይ ወፍጮው መግፋትና መሳብ ልክ የሆነለት እንጉርጉሮ፣ የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ መቁጠሪያው ተወስዶበታል። ልኩን የያዙት አያቶች ዛሬም አሉና ነገሩ አይዘገይ።

የአረሙ ግጥም ግን በሕይወት አለ፤ ለዚህም አንድ ምክንያት ይታየኛል። ሩዝ ለፎገራ አዲስ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ገባና «ኤክስ ጅግና» የሚሉት ዘር ሜዳውን ያዘው። ሰብሉ ተለወጠ፣ ውኃው በዛ፣ አጎነባበሱ እንኳ ተለየ። ቃሉን ግን ተመልከቱ፦ «ጤፍ» አንድ ቀለም ናት፤ «ሩዝ»ም አንድ ቀለም ናት። ጤፍ በነበረችበት ስንኝ ሩዝ ብትተካ ልኩ አይናጋም። የአያት ግጥም ምንም ሳይሰበር አዲሱን ማሳ መውረስ ይችላል።

የዚያን ቀን ማሳው ድንበር ላይ አረሙ እስኪያልቅ ቆየሁ። አውጪው ሲደክመው ከጎኑ ያለው ከአፉ ተቀበለው፤ መሐሉ ላይ ክፍተት አልነበረም። ቤት ሲመቱ አዳመጥኩ፤ አንዲት ፊደል ብቻ መትተው አያልፉም፣ ከእርሷ በፊት ያለችውንም ይዘው ይወርዳሉ። ወደ ወረታ ስመለስ ስንኜን በመንገድ ላይ አረምኩት፦

ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ጀምበር እስክትጠልቅ፣
ስንቱን ማሳ አልፌ ከወረታ አልዘልቅ።