ምጣዱ ስንት ዶሜይን ነው?

የኤሌክትሪክ ምጣድን ሙቀት በሲሙሌሽን የሚያጠና ሰው በሙቀት እኩልታ ብዙ አይቸገርም። እኩልታውን ሶፍትዌሩ ያውቀዋል። ጊዜ የሚበላው የቱ ቦታ ሸክላ፣ የቱ ጀሶ፣ የቱ ሽቦ እንደሆነ ለሶፍትዌሩ ማስረዳቱ ነው። ነገ የምጣዱ ስፋት ወይም የሽቦው ዙር ሲቀየርም ያ ሁሉ ማብራሪያ ሳይፋለስ መቆየት አለበት። እኔ የምሠራው በአብዛኛው በኮምሶል ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ ፌምላብ እየተባለ ይጠራ የነበረው፣ ከስቶክሆልም የመጣው ሶፍትዌር። ችግሩ ግን የእሱ ብቻ አይደለም።

ምጣድ ክብ በመሆኑ ሙሉውን መሳል አያስፈልግም። ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለውን ስስ ቁራጭ ስሎ በዘንጉ ዙሪያ ማዞር ይበቃል፤ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ምጣድ የምንስለው 29ኙን ነው። በሸክላው ሆድ በተቆፈረው ቦይ የተጋደመው ሽቦ (ሬዚስታንሱ) እንደ ተከታታይ ቀለበት ስለሚታሰብ በሥዕሉ ላይ የትንንሽ ክቦች ረድፍ ሆኖ ይታያል። ከሥሩ ጀሶ፣ ከጀሶው ሥር ፋይበር ግላስ፣ መጨረሻ ላይ ላሜራ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ተስሎ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ የተደራረበውን ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ዶሜይን ይባላል። ሁለት ክቦች በከፊል ከተደራረቡ ሦስት ዶሜይን ይወጣሉ፤ ሁለቱ ለየራሳቸው የቀረው፣ ሦስተኛው የጋራቸው ነው። ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጠዋል። ጀማሪ ቁጥሮቹን እያየ በመዳፊት ይመርጣል፦ 4፣ 5፣ 6 ሽቦ፤ 2 ሸክላ። ለአንድ ቀን ሥራ ይህ ምንም አይደለም። ዙሩን ከ8 ወደ 10 ከፍ አድርገን ውጤቱን ማወዳደር ስንፈልግ ግን ጣጣው ይጀምራል፤ ቁጥሮቹ ይሸጋሸጋሉ። ሶፍትዌሩ የድሮውን ምርጫ ተከትሎ ለማስተካከል ይሞክራል፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ትናንት ያልነበሩት ሁለት ቀለበቶች ሽቦ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረውም።

አስቸጋሪው ስህተቱ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ሲል መጀመሪያ ሁሉንም ዶሜይን ሸክላ ብሎ ይሞላና ከላዩ ላይ ሽቦውንና ጀሶውን ይለያል። እንዲህ ከሆነ አዲሶቹ ቀለበቶች ዝም ብለው ሸክላ ይሆናሉ። የሙቀት ምንጩን በጠቅላላ ኃይል፣ ለምሳሌ በ3,500 ዋት፣ ካስገባነው ደግሞ ሶፍትዌሩ ያንኑ ኃይል ለተመረጡት 8 ቀለበቶች ያከፋፍለዋል። ድምሩን ስንፈትሽ 3,500 ይመጣል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የምጣዱ ጠርዝ ግን ይቀዘቅዛል። ያንን ያየ መሐንዲስ «ጠርዙ ሙቀት ያንሰዋል» ብሎ ለማምረቻው ምክር ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት እኔ ለሁሉም የሚሆን ማቴሪያል አልሰጥም። ማቴሪያል የሌለው ዶሜይን ካለ ሶፍትዌሩ ይጮሃል፤ እንዲጮህ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የምርጫው ቦታ ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን ጂኦሜትሪው ላይ ነው። ቀለበቶቹን የሚያባዛው ትእዛዝ ራሱ የሚያወጣውን ሁሉ «ሽቦ» ወደሚባል የተጠራቀመ ሴሌክሽን (የምርጫ ስብስብ) እንዲጨምር አደርገዋለሁ፤ 8 ይሁኑ 10፣ ሽቦ ሆነው ይወለዳሉ። ጀሶው «ከሸክላው ሥር በተሳለው የጀሶ ንብርብር ውስጥ ካለው ሁሉ ሽቦው ሲቀነስ» ተብሎ ይገለጻል። ሸክላና ጀሶ የሚገናኙበት ገጽ የሁለቱ ወሰኖች የጋራ ክፍል ነው። አንዱንም በጣት አልጠቁምም። በሳጥን መምረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ሳጥኑ የሚነካውን ሁሉ ይውሰድ ወይስ ሙሉ በሙሉ በውስጡ ያለውን ብቻ የሚለውን ካላዩ በቀር ጎረቤት ይዞ ይመጣል።

ሁሉም ነገር ዶሜይን መሆን የለበትም። ሸክላውና ጀሶው ፍጹም አይገጥሙም፤ በመካከላቸው ቀጭን አየር ይቀራል። 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ያንን እንደ ዶሜይን መሳል ሜሹን፣ ማለትም ስሌቱ የሚሠራበትን የትንንሽ ክፍሎች መረብ፣ በከንቱ ያበዛዋል። መተው ደግሞ አይቻልም። የትኩስ አየርን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 0.038፣ የሸክላውን 0.6 ዋት በሜትር በኬልቪን ብንይዝ፣ ያ የፀጉር ያህል ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ሸክላ የሚያግደውን ያህል ያግዳል። መፍትሔው ገጹን እንደ ቀጭን ንብርብር ቆጥሮ ውፍረቱን በቁጥር መስጠት ነው። ላሜራውንም እንዲሁ አደርገዋለሁ። ፋይበር ግላሱ ግን ወፍራም ስለሆነ ይሳላል።

ሊጡ ከሁሉም ያስቸግራል። ምጣዱ እስኪግል የለም፤ ከዚያ በድንገት አለ። የሸክላው የላይ ገጽ መጀመሪያ ወደ አየር ሙቀት የሚለቅ የውጭ ወሰን ነው፣ ሊጡ ሲፈስ ደግሞ የውስጥ ወሰን ይሆናል፤ ለውጭ ገጽ የሰጠነው የሙቀት ፍሰትም እዚያ ላይ አይሠራም። አንዳንዱ ሊጡን ከመጀመሪያው አስቀምጦ እስኪፈስ ድረስ የአየር ጠባይ ይሰጠዋል። አልወደውም፤ በማሞቂያው ሰዓት የሌለ ድርብ ልብስ ማልበስ ነው። እኔ ሁለት የሙቀት ፊዚክስ እከፍታለሁ፤ የመጀመሪያው የሊጡን ዶሜይን አያካትትም፣ ሁለተኛው ያካትተዋል፣ የሸክላውንም መነሻ ሙቀት ከመጀመሪያው ይወርሳል።

ሥዕሉ ከሌላ ሰው በስቴፕ ፋይል ሲመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። ክፍሎቹ ሳይዋሃዱ እንደ ስብስብ ከገቡ፣ ቢነካኩም ገጽ አይጋሩም። በመካከላቸው ቀጣይነት ካልታዘዘ ሙቀት አይሻገርም፤ ሽቦው ይግላል፣ ሸክላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። አንሲስ በሚባለው ሌላ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሰፈር የዚህ ዘመድ «ሼር ቶፖሎጂ» የምትባለው ምርጫ ናት። ሜሽ በሚሠራው ጂሜሽ ላይ አንድ ፊዚካል ግሩፕ (ስም የተሰጠው የክፍሎች ስብስብ) እንኳ ከተሰየመ፣ ያልተሰየመው ሁሉ እንደ ልማዱ ከሚቀመጠው ሜሽ ውጭ ይቀራል። የሥዕል ሶፍትዌሩ ፍሪካድም ገጾች ሥዕሉ በተነካ ቁጥር ስማቸው ስለሚለዋወጥ ለዓመታት ሲታማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 1.0 ላይ ነው ችግሩን በቅጡ ያቃለለው።

ስሌቱን ከማስጀመሬ በፊት የእያንዳንዱን ሴሌክሽን መጠን አስለካለሁ፤ ቁራጩን በዘንጉ ዙሪያ አዙሮ መቁጠሩንም አያለሁ። 58 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ፣ ቦዩ ሳይቀነስ፣ 5.3 ሊትር ገደማ ነው። በ1,800 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ሲባዛ 9.5 ኪሎ ይመጣል። ሸክላው በእጄ ካለ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ። ሚዛኑ 9 ብሎ ሶፍትዌሩ 14 ካለ፣ ጀሶው ከሸክላው ጋር ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ሜሹን ከመንካቴ በፊት «ሸክላ» የሚለውን ሴሌክሽን እከፍታለሁ።